በማረሚያ ቤት በር ላይ የሚቆመው መጽሐፍ፦ የታራሚዎች የእምነትና የንባብ መብት

በወሎ ደጋማ ምድር፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ከተቆረቆረችው ከወገል ጤና ከተማ ብዙም ሳይርቅ አምባ ግሸን ይገኛል። ስፍራው በአሁኑ ወቅት በይበልጥ የሚታወቀው በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከልዩ ልዩ የአገራችን አካባቢዎች በሚተሙ ምዕመናን በሚከበረው በዓል ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ይኸው ገደላማ አምባ የነገሥታት ወንድሞችና ልጆች ዙፋን እንዳይቀናቀኑ የሚታሰሩበት ስፍራ ነበር። ይህ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1540 በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ እስከወደቀበት ጊዜ ድረስ መዝለቁን የታሪክ መዛግብት ያመለክታሉ።

የአምባው እስረኞች አያያዝ ለዛሬው የማረሚያ ቤት ኃላፊም ሆነ የጥበቃ አባል አንድ ትምህርት ሰጪ ገጽታ አለው። በአምባው ላይ አብያተ ክርስቲያናትና አገልጋይ ካህናት ስለነበሩ እስረኞቹ ከጸሎት አልተለዩም። እ.ኤ.አ. በ1434 ከአምባው ወርደው ዘውድ የጫኑት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በስማቸው በሚታወቁት የሃይማኖት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነሳሉ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ናዖድም እንዲሁ ከግሸን ወርደው ነግሠዋል። በጥብቅ የተከለከለው ከውጭው ዓለም ጋር የሚደረግ የጽሑፍ ግንኙነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከአምባው ደብዳቤ ይዞ ወጥቷል በተባለ አንድ መነኩሴና በጠባቂዎቹ ላይ የግርፋት ቅጣት ሲፈጸም መመልከቱን ጽፏል። በሌላ አነጋገር ጸሎቱ ተፈቅዶ ወረቀቱ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ በአውሮፓ ሲነገር የነበረ አንድ አፈ ታሪክ ሳይጠቀስ ማለፍ ያስቸግራል። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ የነገሥታት እስር ቤት ውስጥ በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ አስነብቦ ነበር። አገሪቱን በአካል ያውቅ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ወሬው ከእውነት የራቀ መሆኑን በሰፊው አስተባብሏል። ያም ሆኖ ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ በመጻሕፍት የተሞላ እስር ቤት የማሰብ ሐሳብ የመነጨው ከዚሁ ከእኛው አምባ መሆኑ ራሱ የሚገርም ነው። ከግሸን በኋላ ይኸው የመሳፍንት እስር በጎንደር ዘመን ወደ ወህኒ አምባ የተዛወረ ሲሆን፣ በአማርኛ «ወህኒ ቤት» የሚለው መጠሪያ የተገኘው ከዚያ አምባ ስም ነው። በኋላ ላይ «ማረሚያ ቤት» እና «የሕግ ታራሚ» የሚሉት ስያሜዎች ተተክተዋል።

ከደላንታ በስተደቡብ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ የሚገኘው መቅደላም ለጉዳዩ ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው በርካታ የብራና መጻሕፍትና የታሰሩባቸው ሰዎች በአንድ አምባ ላይ ይገኙ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1863 ለመታሰር ከበቃባቸው ምክንያቶች መካከል ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ትውልድ በመጽሐፉ ያሰፈረው ቃል ይገኝበታል። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በዚያው አምባ በእስር ላይ እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ1867 አርፈዋል። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ እስረኞቹ ተፈቱ፤ መጻሕፍቱ ግን ተዘረፉ። ከእነዚህም 350 ያህሉ የብሪታንያ ሙዚየም ንብረት ለመሆን በቅተዋል።

እነዚህ ታሪኮች የተወሱት ያለምክንያት አይደለም። በሁለቱም አምባዎች ላይ እስረኛው ምን እንደሚያነብ፣ ከማን ጋር እንደሚጸልይና ምን እንደሚጽፍ የሚወሰነው በአሳሪው በጎ ፈቃድ ብቻ ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሕጉ መነሻ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለውጡ በየደረጃው በሚገኙ አስፈጻሚዎች ዘንድ ምን ያህል ሰርጿል የሚለው ጥያቄ በተለይ በማረሚያ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ በሮች ላይ በየዕለቱ መልስ የሚያገኝ ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር እስረኛውን ለመጎብኘት ዕድል ሊሰጣቸው የሚገቡ ሰዎች ሲዘረዘሩ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ ከተጠቀሱበት መሥመር የሃይማኖት አማካሪም ተጠቅሷል። ስለሆነም አንድ ታራሚ የንስሐ አባቱን፣ ሼኹን ወይም ፓስተሩን ለማግኘት የሚያቀርበው ጥያቄ ጠበቃውን ለማግኘት ከሚያቀርበው ጥያቄ በሕግ ፊት አያንስም። በተግባር ግን የመጀመሪያው እንደ ልመና፣ ሁለተኛው እንደ መብት የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን ለማንኛውም ሰው ሲያረጋግጥ «ከታሰረ በስተቀር» የሚል ሐረግ አላስገባም። እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ሲሆን፣ ይኸውም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታና የሌሎችን መሠረታዊ መብቶች ለመጠበቅ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃንና ሐሳብን የመሰብሰብና የመቀበል ነጻነትን ይጠብቃል። በፌዴራል ደረጃ የታራሚዎችን አያያዝ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 138/1999 የወጣ ሲሆን፣ ከዚያም የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ተደንግጓል። የክልል ማረሚያ ቤቶች በየክልላቸው ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ሁሉንም እኩል ያስገድዳል።

ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ውስጥ በይበልጥ ዝርዝር የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2015 ያጸደቀውና የኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰጠው የእስረኞች አያያዝ አነስተኛ መስፈርት ነው። ሰነዱ በያዛቸው 122 ደንቦች ውስጥ ቁጥር 64 እያንዳንዱ ማረሚያ ቤት ለመዝናኛም ለትምህርትም የሚውሉ መጻሕፍት በበቂ ሁኔታ የተሟሉለት ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረውና እስረኞችም እንዲጠቀሙበት እንዲበረታቱ ይጠይቃል። ቁጥር 65 የአንድ እምነት ተከታዮች ቁጥር በቂ ሲሆን ብቁ የሆነ የእምነቱ ተወካይ እንዲመደብ ወይም እንዲፈቀድ ያዝዛል። ቁጥር 66 ደግሞ እስረኛው የእምነቱን የጸሎትና የትምህርት መጻሕፍት በእጁ እንዲይዝ ይፈቅዳል። በእጁ የሚለው ቃል ትኩረት ይሻል። መጽሐፉ በዕቃ ግምጃ ቤት ተመዝግቦ መቀመጡ መስፈርቱን አያሟላም።

አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች በዚህ ረገድ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ የመንግሥት ተቋም የሆነው ማረሚያ ቤት በእምነት ጉዳይ እጁን ባያስገባ ይሻላል የሚል ነው። ክርክሩ ከግቢው ውጭ ላለው ኅብረተሰብ ትክክል ነው። ውጭ ያለ ሰው ጸሎት ቤቱን፣ መምህሩንና መጽሐፉን በራሱ እግር ሄዶ ያገኛልና መንግሥት ጣልቃ ባለመግባቱ ብቻ ነጻነቱን አከበረለት ማለት ይቻላል። በማረሚያ ቤት ግን በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የምግብ ሰዓት የሚወስነው፣ ውኃ የሚያድለው፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን ዕቃ የሚፈትሸው መንግሥት ራሱ ነው። በዚህ ሁኔታ መንግሥት ምንም አላደረግሁም ቢል ውጤቱ መከልከል ይሆናል። ከመንግሥት የሚጠበቀው ገለልተኝነት ታዲያ ለሁሉም በእኩል ሁኔታ ማመቻቸት እንጂ ለሁሉም በእኩል መንፈግ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ በይበልጥ ተጨባጭ የሚሆነው በፍተሻ ኬላ ነው። ጠያቂ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ከምግቡ ጋር መዝሙረ ዳዊት፣ ቁርኣን፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ወይም ልብ ወለድ ሊኖር ይችላል። የጥበቃ አባሉ መጽሐፉን የመፈተሽ መብትም ግዴታም አለው። በመጽሐፍ ጀርባ ስፌት፣ በወፍራም ሽፋንና በገጾች መካከል የተከለከለ ዕቃ ሊደበቅ እንደሚችል የሚያውቅ ባለሙያ ሥራውን ቸል ሊል አይገባም። ይሁንና መፈተሽና መከልከል የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ቅዱስ የሚባል መጽሐፍ ሲፈተሽ ጠያቂው ራሱ ገጾቹን በፈታሹ ፊት እንዲያገላብጥ ማድረግ፣ የዳዊቱን ማኅደር ሳይቀዱ በእጅ መዳሰስ፣ መጽሐፉን ወለል ላይ አለማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። በጸጥታ ረገድም ጉዳት የላቸውም። እንዲያውም ፍተሻው አክብሮት ያለበት ሲሆን ታራሚውና ቤተሰቡ በተቋሙ ላይ የሚኖራቸው ቅሬታ ይቀንሳል።

አስቸጋሪው የይዘት ጉዳይ ነው። ዐመፅ የሚያነሳሳ ወይም የማምለጫ ዘዴ የሚያስተምር ጽሑፍ እንዳይገባ መከልከል አግባብነት ያለው እርምጃ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ፈታሹ የማያነበው ቋንቋ፣ የማያውቀው እምነት ወይም የማይወደው ደራሲ ሲገጥመው ነው። በግዕዝ፣ በዐረብኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መጽሐፍ «ምን እንደሚል አላውቅም» በሚል ምክንያት ብቻ በር ላይ ሲቀር ውሳኔው የተመሠረተው በፈታሹ የቋንቋ ዕውቀት ልክ እንጂ በሕግ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የመጽሐፍ ክልከላ በር ላይ ባለ አንድ ሰው ቃል መጠናቀቅ የለበትም። መጽሐፉ በደረሰኝ ተይዞ፣ ለሚያነብ ሰው ታይቶ፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮና በኃላፊ ተፈርሞ ለታራሚው ሊነገረው ይገባል። በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት ይመረመራል፣ ይታረማልም። በቃል የተነገረ «አይቻልም» ግን የትም አቤት ሊባልበት አይችልም።

ከበሩ ወደ ውስጥ ስንዘልቅ የወሎ ሁኔታ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተሰባጥሮ ስለሚኖር የአካባቢው ማረሚያ ቤቶችም ይህንኑ ስብጥር ይይዛሉ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወቅት ከጾም ውጭ የሆነ ምግብ ብቻ ከቀረበ ጾመኛው ወይ ይራባል ወይ እምነቱን ይጥላል። በረመዳን ከንጋት በፊት ሱሑር የሚበላበት፣ ፀሐይ ስትጠልቅም የሚያፈጥርበት ሰዓት ክፍሎች ከሚቆለፉበትና ቆጠራ ከሚካሄድበት ሰዓት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለውዱእ የሚሆን ውኃም ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚታወቁ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ የሰፈሩ ጉዳዮች እንደመሆናቸው የወጥ ቤቱን ድርሻና የቆጠራውን ሰዓት በጊዜ ማስተካከል የዕቅድ እንጂ የበጀት ጥያቄ አይሆንም።

የእምነት ነጻነት ከታራሚዎች ግፊትም መጠበቅን ይጨምራል። በየክፍሉ ካቦ የሚባለው ኃላፊ ወይም ብዙኃኑ በጋራ ጸሎት ያልተሳተፈን ሰው የሚያገሉበት፣ የመኝታ ቦታ የሚነፍጉበት ሁኔታ እንዳይፈጠር መከታተል የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው። ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነጻነት በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብ በአንቀጽ 27 ተከልክሏልና። በቁጥር አነስተኛ የሆነ እምነት ተከታይ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሊሆን ስለሚችል ጥበቃው በተለይ ለእርሱ ያስፈልገዋል።

ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰበት አጋጣሚም አለ። በ2010 ዓ.ም. በሽብር ወንጀል ተከስሰው በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት የነበሩ ሁለት የዋልድባ ገዳም መነኮሳት የምንኩስና ልብሳቸውን እንዲያወልቁ መገደዳቸውን ለችሎት አቤት ብለው ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን በስፋት ተዘግቦ ነበር። መነኮሳቱ በዚያው ዓመት ክሳቸው ተቋርጦ ተፈትተዋል። ለእነርሱ ልብሱ የመሐላቸው አካል ነው፤ ለአስተዳደሩ ደግሞ ከወጥ የአለባበስ ሥርዓት ውጭ የሆነ ልብስ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ባለ ጊዜ «ልብሱ የሚያስከትለው የጸጥታ ችግር ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ችሎት ሳይደርስ መፍትሔ ማግኘት በተቻለ ነበር።

የንባብን ዋጋ በተመለከተ ከቅርቡ ታሪካችን የደራሲና ጋዜጠኛ ነቢይ መኰንንን ያህል የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ነቢይ በደርግ ዘመን በማዕከላዊ በታሰረበት ወቅት በእጁ የገባውን የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነው። የወረቀቶቹ ብዛት 3 ሺህ ያህል እንደነበር ይነገራል። ወረቀቶቹ በሚፈቱ እስረኞች አማካይነት ጥቂት በጥቂት ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትመዋል። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን ለአብረውት ታሳሪዎች ይነበብ ነበር። ወረቀት በማይፈቀድበት ስፍራ ሰዎች ወረቀት መፈለጋቸውን አላቆሙም፤ ማዕከላዊ ራሱ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ክርክር ተካሂዷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2013 በሥራ ላይ የዋለ መመሪያ ቤተሰብ ለእስረኛ መጽሐፍ እንዳይልክ በተግባር የከለከለ ሲሆን፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት መመሪያውን ከሕግ ውጭ ብሎታል። ዳኛው መጽሐፍን በመልካም ጠባይ እንደሚገኝ ልዩ ጥቅም መቁጠር እንግዳ ነገር መሆኑን ገልጸዋል። ብራዚል ከዚህ አልፋ በመሄድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፌዴራል እስር ቤቶቿ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ስለ ንባቡ ጽሑፍ ላቀረበ ታራሚ 4 ቀን የእስራት ቅናሽ ትሰጣለች። ቅናሹ በዓመት እስከ 12 መጻሕፍት ወይም 48 ቀናት ይደርሳል። በእኛ አገር ፊደል ሳይቆጥር ማረሚያ ቤት የሚገባ ሰው አሁንም በርካታ በመሆኑ የሚያነብለት ጓደኛና የሚያስተምረው መምህር ከመጽሐፉ እኩል ያስፈልጉታል።

እስካሁን የተነሳው በይበልጥ ፍርድ ያገኙ ታራሚዎችን የሚመለከት ነው። በቸልታ የሚታየው ግን የፖሊስ ጣቢያ ማቆያ ነው። እንደ ወገል ጤና ባለ የወረዳ ከተማ የተያዘ ሰው በመጀመሪያ የሚቆየው በጣቢያው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የምርመራ ጊዜ ሲጠየቅበት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን በማይበልጥ ጊዜ ቆይታው ሊራዘም ይችላል። ተደጋጋሚ ቀጠሮ ሲሰጥ ቆይታው ሳምንታትን ያስቆጥራል። ጣቢያው ለአጭር ጊዜ ማቆያ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የጸሎት ስፍራ አይጠበቅበትም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን በዚያ ያለው ሰው ጥፋተኛ ያልተባለና እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ያለው ነው። የማንዴላ ደንቦችም በቁጥር 117 ላይ ፍርድ ያላገኘ እስረኛ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ወጪ መጻሕፍት፣ ጋዜጣና የጽሕፈት መሣሪያ እንዲያገኝ የሚፈቅዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በምርመራ ላይ ያለን ጉዳይ የሚያበላሽ መልእክት እንዳይተላለፍ መርማሪው የሚያደርገው ጥንቃቄ የሚገባ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ ግን የምርመራ መዝገብ አያበላሽም። ለጣቢያው አንድ መደርደሪያ፣ ጥቂት ያገለገሉ መጻሕፍትና የሚመዘግባቸው አንድ ሰው ይበቃዋል።

መጽሐፍንና ጸሎትን የዲሲፕሊን መሣሪያ ማድረግም መታረም ያለበት ልማድ ነው። ደንብ የተላለፈ ታራሚ በሕጉ መሠረት ሊቀጣ ይችላል። ተለይቶ በሚቆይበት ጊዜ የጸሎት መጽሐፉን መቀማት ግን ከጥፋቱ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከሰውየው አልፎ እምነቱን የሚነካ ቅጣት ነው።

መብቱ ተነፍጎኛል የሚል ታራሚ ቅሬታውን በቅድሚያ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር፣ ጉዳዩ በችሎት ላይ ከሆነም ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ይችላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ ሲሆን፣ ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ማረሚያ ቤቶችንና ማቆያዎችን ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ሰጥቶታል። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ድንገት ቢመጡና በዚህ ወር በር ላይ የተመለሱ መጻሕፍት የትኞቹ እንደሆኑ፣ በማን ውሳኔና በምን ምክንያት እንደተመለሱ ቢጠይቁ፣ ኃላፊው ከመሳቢያው አውጥቶ የሚያሳየው መዝገብ ሊኖረው ይገባል።